ወንድሜ ብላ ያለቀሰችው ሴት

ውዴ ዳንኤል፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ፋሲካ አለፈ። ዌምብሊ ያለው ቤታችን እንደተውከው አይደለም። ልጃችን ሳራ ሥራ አግኝታ ሃክኒ ሰፈር አፓርታማ ተከራይታለች፤ እሁድ እሁድ ትመጣለች። የሰፈሩ አስተዳደርም መስኮቶቹን ቀየረልን፤ ብርድ በገባ ቁጥር በጋዜጣ ትደፍነው የነበረው ነፋስ አሁን የለም። የምጽፍልህ ግን ስለ መስኮት አይደለም። ስለ ሮማን ነው።

በቀብርህ ማግስት አንዲት ሴት ጥቁር ለብሳ መጣች። ለቅሶ የደረሰውን ሰው ሁሉ አውቀዋለሁ፤ እሷን ግን አይቻት አላውቅም። ፎቶህ ፊት ተንበርክካ «ወንድሜ፣ ወንድሜ» እያለች አለቀሰች። እኛ ዘንድ ማንም ማንንም ወንድሜ ይላል ብዬ አለፍኩት። ግን አለቃቀሷ ከእኔም የባሰ ነበር። አንተ ደግሞ እህትም ወንድምም የለኝም ብለህ ነው ያገባኸኝ። ሻይ ሳቀርብ ጉልበትህ ላይ ስላለው ጠባሳ አጠገቧ ለተቀመጠችው ሴት ስታወራ ሰማኋት። የባሌን ጉልበት የት አየችው?

ከዚያ ወዲያ አብረን የኖርነውን ዘመን ሁሉ እበረብር ጀመር። ታስተምርበት በነበረው ኮሌጅ ስለ ሉዊያን ቋንቋ የዝምድና ቃላት ንግግር ልታደርግ ስትዘጋጅ፣ ሽንኩርት እየከተፍኩ የማዳምጥህ እኔ ነበርኩ። ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት ዛሬ ቱርክ በምንለው አገር ይነገር የነበረ ቋንቋ ነው አልከኝ። አባት «ታቲ» ነው፣ የአባት የሆነው ደግሞ «ታቲያ»። «የአባት ቤት» በማለት ፈንታ አባትን ራሱን ቅጽል አድርገው ቤቱ ላይ ያስሩታል። እንደኛ «አባታዊ» ማለት ነዋ ስልህ ሳቅክ። እኛ አባታዊ የምንለው ምክርና ፍቅር ነው፣ አባታዊ ቤት የሚል ሰው ሰምተሽ ታውቂያለሽ ወይ አልከኝ። ወንድም «ናኒ» ነው፤ እሱ ላይ የሴት ምልክት ይጨምሩና እህትን «ናናስሪ» ይሏታል። እዚህ ቃል ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ ድምፅህ ይሰበር ነበር። ውሃ ትጠጣና ወደ ሌላ ትዘላለህ። ያኔም ጠርጥሬህ ነበር። ከእኔ በፊት እህቴ እያልክ የምትጠራት ወዳጅ ነበረችህ ብዬ ነው።

ያቺ ሴት ሮማን ትባላለች፤ ብሪክስተን ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች። አንድ ቅዳሜ ሳልነግራት ሄድኩ። ደንበኛዋ እስክትወጣ ቆሜ ጠበቅኩና ጠየቅኳት።

«ለዳንኤል ምኑ ነሽ?»

መቀሱን አስቀመጠች። «የአባቱ ልጅ ነኝ» አለችኝ።

አባትህ በአሰብ መንገድ ከባድ መኪና ሲነዱ ኮምቦልቻ ላይ ከእናቷ እንደወለዷት ነገረችኝ። ክረምት ክረምት ይዘውህ ይመጡ ነበር አለች። ጉልበትህን የቆሰልከውም እሷ እያየች ከመኪናው ወድቀህ ነው። እናትህ ጉዳዩን ሲሰሙ፣ እሳቸው በሕይወት እስካሉ ድረስ እህቴ ብለህ ለማንም እንዳትናገር አስማሉህ። ለማንም ሲሉ እኔንም ይጨምራል ማለት ነው።

አላመንኳትም። የአባቷ ስም እንኳ ከአባትህ ስም ጋር አይገጥምም፤ የተጠራሁት በእንጀራ አባቴ ነው አለችኝ። ደሴ ደውዬ እናትህን ብጠይቃቸው ስለ ጉንፋናቸው አወሩኝ። ያኔ ከሳራ ጋር የዲኤንኤ ምርመራ አድርጊ አልኳት። ሳታቅማማ እሺ አለች። ሁለቱም ምራቅ ሰጡ።

ውጤቱ ሳራ ስልክ ላይ ገባ። የሥጋ ዝምድና የላቸውም ይላል። እንዳልዋሽህ፣ ደስ አለኝ። ቀድሞም ቀጣፊ ናት አላልኩም ወይ ብዬ ሳራ ላይ ጮህኩባት። ልጅህ ግን ውጤቱን ደግማ አነበበችና፣ «እማዬ፣ እሷ የአያቴ ልጅ ላትሆን ትችላለች። አባዬም የአያቴ ልጅ ላይሆን ይችላል» አለችኝ።

ቁጭ አልኩ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ጥርጣሬዬ ከሮማን ተነስቶ ደሴ ሄደ። እናትህ ያን ያህል አጥብቀው ያስማሉህ በባላቸው ቀንተው ነው? ወይስ አንተና ሮማን ጎን ለጎን ስትቆሙ ሰው መልካችሁን እንዳያስተያይ ፈርተው ነው? ቅዳሜ ቅዳሜ በቪዲዮ ይደውላሉ። ስለ መቃብርህ አበባ ይጠይቁኛል፤ እኔ ዓይን ዓይናቸውን አያለሁ። የሚያውቁት ነገር እንዳለ እርግጠኛ ነኝ። ይህን ግን አልጠየቅኳቸውም። አንድ ልጃቸውን ቀብረው ለተቀመጡ ሴት እንዲህ ያለ ጥያቄ ከአፌ አልወጣ አለኝ።

ለሮማን ግን ሄጄ ነገርኳት፤ ሳራ ያለችውንም አልደበቅኳትም። ዘርግታው የነበረውን ጨርቅ መልሳ አጠፈችው። «እንግዲህ ከዚህ በኋላ ቤታችሁ አልመጣም ማለት ነው» አለች። ፊቷን ሳየው እኔ አንተን ያጣሁ ቀን የነበረኝ ፊት ነበር።

«ተዝካሩ ደርሷል» አልኳት። «ከእኔ ጋር ሌላ ማን ይቁምለት?»

መጣች። እንግዶቹ ምኑ ናት ብለው ሲጠይቁኝ እህቱ ናት አልኳቸው።

ጥርጣሬዬ ለቆኛል አልልህም። አሁንም ስትስቅ ያንተን አሳሳቅ ፈልጌ አያታለሁ፤ አንዳንዴ አገኘሁት ስል ይጠፋብኛል። የማን ልጅ እንደሆንክ አላውቅም፤ አንተም ሳታውቀው የሄድክ ይመስለኛል። እኔ የማውቀው ግን፣ እዚህ አገር አዲስ በመጣሁበት ክረምት አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ጓንትህን አውልቀህ ሰጥተኸኝ፣ የራስህን እጅ ኪስህ ከትተህ አልበረደኝም ያልከውን ሰው ነው። እሱን አልረሳውም።

ባለቤትህ አልማዝ