ያቺ የተጣመመች ላባ

ለጎረቤት፣ ለባጃጅ ነጂ፣ ለዝናቡም ጭምር፦ በፍኖተ ሰላም የታፔላ ቤታችን ምልክት የሆነው አውራ ዶሮ፣ ከጭራው አንዲት ላባ እንደተሰናበተችበት በታላቅ ሐዘን እንገልጻለን።

ሆዴ፣ መግለጫው ላንተ ነው። ሌላውማ ላባ መጉደሏን መች ልብ ይላል? ላትመለስ ከሄድህ ወዲህ አደይ ፈክቶ ረግፎ፣ ይኸው ዳግም ፈካ። በእጅህ የሳልኸው ታፔላ ግን ክረምቱን አልቻለም። ከስንት ፋሲካ ያመለጠ ዶሮ በዝናብ ተላጠ። ያ አፈኛ የቡሬ ባጃጅ ነጂ፣ «እታለም፣ ይሄ ዶሮም ጾም ያዘ እንዴ?» አለኝ። ሳቅሁለት፤ ዞር ብዬ አለቀስሁ።

በስቲከር ልተካው ወሰንሁ። ፎቶ አንስቼ፣ ኮምፒውተር ላይ ዙሪያውን በመስመር ተከትዬ፣ የተደራረበውን መስመር ሳላጠራ ለስቲከር መቁረጫው ማሽን ሰጠሁት። ምላጩ አንገቱን ከገላው ለየው። ቀለም ከሥር ያለውን መስመር ይሸፍናል፣ ምላጭ ግን የተደበቀውንም ያገኘዋል፤ የተደራረበውን አስቀድመሽ አንድ አድርጊ ትለኝ ነበር። አንድ አደረግሁት። እኛን አንድ የሚያደርግ ቁልፍ ግን እዚያ ኮምፒውተር ላይ የለም።

ከዚያ የላባዋ ተራ ደረሰ። በተጋባን ሰሞን መሰላል ላይ አውጥተህ ብሩሹን አስያዝኸኝ፤ እጅህን በእጄ ላይ ጭነህ አሳልኸኝ። ፈርቼ ተንቀጠቀጥሁ፤ ላባዋ እንደ ክር ቀጥና ተጣመመች። ላጥፋት ብልህ አሻፈረኝ አልህ። ዶሮው የሚበርባት ይህች ናት እያልህ ለመንገደኛው ሁሉ አሳየሃት። የሁለታችን እጅ ያለባት እሷ ብቻ ነበረች።

ስቲከር ግን አልሆናትም። በዙሪያዋ የተረፈውን ስቲከር ስልጥ አብራ ትነሣለች፤ ደግሜ ብቆርጣትም ተበጥሳ ጣቴ ላይ ትቀራለች። ላወፍራት አልሁ፤ ግን ከወፈረች የኛ አይደለችም። ሰረዝኋት። ታፔላውን ፍቄ፣ ነጭ ቀብቼ፣ ዶሮውን ያለ እሷ ለጠፍሁት። ከመንገዱ ማዶ ቆሜ አየሁት። ንጹሕ ነው፤ ያምራል፤ የማንም ዶሮ ነው።

እርማት፦ ከላይ ላባዋ ተሰናብታለች ተብሎ የተገለጸው ስህተት በመሆኑ ተስተካክሎ ይነበብ። ዛሬ ረፋድ ላይ መሰላሉ ወጥቷል፤ ብሩሽህ በጋዝ ታጥቧል፤ ላባዋም በቀድሞ ቦታዋ በቀለም ተስላለች። ዝናብ ባጠባት ቁጥር፣ እኔ እስካለሁ ድረስ፣ እንደምትታደስ እናረጋግጣለን። አሁንም ተጣምማለች፤ በአንድ እጅ ነው የተሳለችው።