ወንድምህ ደህና አይደለም፤ ተረጋግጧል

ውድ ላይል፣

ወንድምህ ዴልሞንት «ለላይል አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ» ብሎ አስምሎኛል። ስለዚህ አልተነፍስም፤ እጽፋለሁ። ስለ መጻፍ ያለው ነገር የለም።

ታላቅ የምሥራች አለኝ። ታላቅ ወንድምህ መሥራት እንደማይችል መንግሥት በማኅተም አረጋግጦለታል። በመንደራችን በስቲልማን ኮቭ ታሪክ የአንድ ሰው አለመቻል እንዲህ ሲከበር አይተን አናውቅም።

ከሥሩ ልጀምርልህ። የዛሬ ሦስት ዓመት በጥቅምት ባሕር ላይ ሳለ የሎብስተር ወጥመዱ ገመድ ቀኝ እጁን ጠቅልሎ ወገቡን ከጀልባው ጠርዝ ጋር እንዳላተመው ታውቃለህ። እሑድ ፍሎሪዳ ሆነህ ደወልክ። «እንዴት ነህ?» አልከው። «ደህና ነኝ» አለህ። አንተም «ጎበዝ! የክሮሊ ዘር መቼ ይወድቃል!» ብለህ ዘጋህ። ያን ጊዜ ስልኩን ጆሮው ላይ የያዝኩለት እኔ ነበርኩ፤ እጁ መያዝ አልቻለም ነበርና።

መንግሥት መሥራት ለተሳነው የሚሰጠውን ድጎማ የመጀመሪያ ማመልከቻ ራሱ ሞላው፤ በግራ እጁ። እኔ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ሆኜ ሃያ ስድስት ዓመት የወላጆችን ሰበብ ሳነብ የኖርኩ ሴት፣ «ቆየኝ፣ አብረን እንሙላው» ብለው በጄ አላለም። ቅጂውን በኋላ አየሁት። ቤትዎን ያጸዳሉ? «አዎ።» ደጅዎን ከበረዶ ይጠርጋሉ? «እንደ ማንኛውም ሰው።» ምግብ ያበስላሉ? «ተርቤ አላውቅም።» ሕመም ይሰማዎታል? «የማይሰማው ማን አለ?»

ከለከሉት። በእውነቱ እኔ በመሥሪያ ቤቱ ቦታ ብሆን መከልከል ብቻ ሳይሆን እቀጥረው ነበር። ሁለተኛ ጠየቀ፤ ያንኑ መልሶ ጻፈ፤ ያንኑ መለሱለት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ የኛ ሰው ግን ቢገኝለት መድኃኒቱንም ይደብቀዋል።

የቀረው ዳኛ ፊት መቅረብ ነበር። እዚያ ከተሸነፈ አያታችሁ የሠሩት ቤት ሊሸጥ ነው። በበጋ መጥተው በበጋ የሚሄዱት ሰዎች ቤቱን ሊገዙ ደላላቸውን ልከው መስኮቶቹን ሁለቴ አስለክተዋል። ዴልሞንት የሜትሩን አንዱን ጫፍ ይዞለት ነበር፤ ይሉኝታ ይዞት! በዚያን ቀን ነው ጉዳዩን ከእጁ የቀማሁት።

«ዴልሞንት፣ ደጅህን በረዶ የሚጠርገው ማነው?»

«ይጠረጋል።»

«እንጨቱንስ?»

«ይፈለጣል።»

«ማን ነው የሚፈልጠው?»

«ኮራ፣ አንዳንድ ነገር አይጠየቅም።»

መንደራችንን ታውቀዋለህ። እርዳታ መጠየቅ ነውር ነው፤ ሲረዱ መታየት ደግሞ የባሰ ነውር ነው። እዚህ ደግ ሰው እንደ ሌባ አድፍጦ ነው የሚሄደው። ዳኛ ደግሞ የጎረቤት ምስክርነት ትፈልጋለች፤ በጽሑፍ፣ በፊርማ። እናም ደጎችን አደን ወጣሁ።

መጀመሪያ የዴልሞንት ጎረቤት ሆሊስ ዘንድ ሄድኩ። እንደ ልማዱ ከመኪናው ሥር ተጋድሟል፤ የሚታየኝ ቦት ጫማው ብቻ ነው።

«ሆሊስ፣ የዴልሞንትን ደጅ የምትጠርገው አንተ ነህ።»

ከሥር አንድ ብረት ወደቀ። «ማነው ያለው?»

«የጎማህ ዱካ።»

«የኔን የመሰለ ጎማ አገር ሙሉ አለ። አንቺ ሴትዮ፣ ፖሊስ ሆንሽ እንዴ?»

«ዱካው ከዴልሞንት ደጅ ተነሥቶ አንተ ጋራዥ ይገባል።»

ቦት ጫማው ወደ ውስጥ ሳብ አለ። «ምናልባት አንድ ቀን ሳልፍ መኪናዬ ላይ የተገጠመው የበረዶ መጥረጊያ በስህተት ወርዶ ይሆናል።»

«ሦስት ክረምት ሙሉ በስህተት?»

«ስህተት አይደጋገምም ያለሽ ማነው?»

ከሱ ወደ ወይዘሮ ዋኔታ ተሻገርኩ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ምላሳቸው ግን ገና ሃያ አልሞላውም።

«እኔ ለማንም ምንም አልሰጠሁ» አሉኝ። «ድስቴን እዚያ ደጃፍ ረስቼው ይሆናል።»

«በየቅዳሜው?»

«እርጅና ነው፣ የኔ ልጅ።»

«ባቄላ ሞልቶበት?»

«ታዲያ ባዶ ድስት ተሸክሞ የሚዞር ማን አለ! እብድ መሰልኩሽ?»

ላይል፣ ነፍሰ ገዳይ እንኳ እንዲህ አይክድም። በመጨረሻ ሁለቱንም በአንድ ቃል ነው የያዝኳቸው። «ደብቃችሁ ስለረዳችሁት ጤነኛ መሰለ። መንግሥት የሚጠርገው እሱ መስሎታል። ቤቱን የሚያሳጣው የእናንተ ደግነት ነው» አልኳቸው። ወይዘሮ ዋኔታ መነጽራቸውን ፍለጋ ተነሡ። ሆሊስ ከመኪናው ሥር ወጣ፤ እጁን በጨርቅ ጠራረገና «እስክሪብቶ ይዘሻል?» አለኝ።

የቀጠሮው ቀን ባንጎር ከተማ ችሎት ሄድን። ወንድምህ አባታችሁ የተቀበሩ ዕለት የለበሰውን ሙሉ ልብስ ለበሰ፤ ቁልፎቹን የቆለፍኩለት እኔ ነኝ። ከመኪና ሲወርድ የሚደገፍበትን ዱላ ወንበሩ ላይ ተወው።

«ዱላህስ?»

«ዳኛ ፊት በዱላ?» አለኝ፤ ደንግጦ፣ ራቁትህን ግባ ያልኩት ይመስል።

ዳኛዋ ቀጭን፣ ትዕግሥተኛ ሴት ናት። «እንደምን ነዎት ዛሬ፣ አቶ ክሮሊ?»

«የማማርርበት የለም፣ ክብርት ዳኛ።»

በጠረጴዛው ሥር ረገጥኩት።

ቀጥሎ ባለሙያው ተነሣ። ይህ ሰው ሙያው ሕመምተኛ የትኛውን ሥራ መሥራት እንደሚችል ለመንግሥት መንገር ነው። ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አደረገና፣ በታላቅ ክብር፣ «ተቀምጦ የተበላሸ ለውዝ ከደህናው መልቀም ይችላል» አለ። በኛ አገር ለውዝ ታሽጎ ሱቅ ውስጥ ከመገኘቱ በቀር ዘመድ የለውም። ይባስ ብሎ ወንድምህ ራሱን ነቀነቀና «ልሞክረው» አለ። የዚያን ሰዓት ልቤ መቆም ነበረባት፤ ድጎማ መጠየቁ ለኔም በደረሰ ነበር።

ዳኛዋ ግን አንድ ወረቀት አነሣች፤ የሆሊስን። ጮክ ብላ አነበበችው፦

«ሦስት ክረምት ጠርጌያለሁ። ጎህ ሲቀድ የምሄደው እንዳያየኝ ነው። አንድ ቀን በመስኮት አየሁት። ቡና ሊቀዳ ሲል ሲኒው ከእጁ ወድቆ ተሰበረ። ሊያነሣው ጎንበስ ለማለት ሞከረ፣ አልቻለም። ቆሞ ስብርባሪውን ያይ ነበር። ገብቼ ማንሣት ነበረብኝ። አልገባሁም። ሆሊስ።»

ዴልሞንት ጠረጴዛውን አፍጥጦ ያያል።

«ሆሊስ ነው ይህን የጻፈው?» አለኝ በሹክሹክታ።

«በገዛ እጁ።»

«ሆሊስ አፍ ካወጣማ፣ እኔ ምን ቀረኝ።»

ተነሥቶ ቆመ። ከአሥር ደቂቃ በላይ መቀመጥ አይችልም ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ላቡ በጀርባው እየወረደ ታግሦ ነው የተቀመጠው። የወንበሩን መደገፊያ በግራ እጁ ጨበጠ። «አልችልም» አለ። «ክብርት ዳኛ፣ አልችልም።» ሐምሳ ስምንት ዓመት ያቆያት ቃል ናትና ስትወጣ ድምፁን ይዛው ወጣች። ከዚያ ሁሉንም ዘረዘረው። ወንበር ላይ ሆኖ እንደሚያድር። ጸጉሩን መታጠብ እንዳቃተው። ያ የሲኒ ስብርባሪ አራት ቀን መሬት ላይ እንደቆየና ወይዘሮ ዋኔታ «ድስቴን ፍለጋ» ብለው ገብተው እንደጠረጉት። ሃያ ደቂቃ ተናገረ። በሠላሳ ዓመት ያን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

ዳኛዋ ወደ ባለሙያው ዞረች። «በየአሥር ደቂቃው የሚቆም፣ ቀኝ እጁ የማይሠራ ሰው የሚቀጠርበት ሥራ አለ?»

ባለሙያው ለውዙን ከነወረቀቱ አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። «የለም።»

የፍቅር ቃል ሰምቻለሁ፤ ከአንተም ጭምር። እንደዚያ «የለም» ያማረ ግን አልሰማሁም።

ውሳኔው በስድስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ቀን ደረሰ። ሙሉ በሙሉ ተፈቅዷል፤ አደጋው ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ የሚታሰብ ውዝፍ ገንዘብም አለው። ዴልሞንት ሦስት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ደላላው ጋ ራሱ ደውሎ «አልሸጥም» አለ፤ ምክንያት ሲጠየቅም «ስለማልፈልግ» ብሎ መለሰ፤ ለኛ ሰው ይህ ረጅም ንግግር ነው። ማታ ሆሊስ መኪናውን በበሩ ፊት አቁሞ ክላክሱን አስጮኸ። ወይዘሮ ዋኔታ ድስታቸውን በበሩ ይዘው ገቡ፤ በግልጽ፣ በሰው ፊት፣ አንኳኩተው!

እኔስ? ሰውን ሁሉ አናዝዤ ሳበቃ የገዛ ቅጼን ስህተት አገኘሁት። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ትተኸኝ ልትሄድ ሻንጣህን ስትጭን «ትችያለሽ?» ብለህ ጠየቅከኝ። «ምን ችግር አለ» አልኩህ፤ ለመንገድ ሳንድዊች ሳይቀር ጠቅልዬ ሰጠሁህ። ያ መልስ ሐሰት ነበር። አልቻልኩም ነበር፣ ላይል። ሁለት ክረምት ሙሉ አልቻልኩም። እንድትመለስ አይደለም የምጽፍልህ፤ አሁን ችያለሁ፤ እንዲያውም ለሰው ተሟግቼ አሸንፌ መጥቻለሁ። መዝገቡ ግን በእውነት ይዘጋ ብዬ ነው።

በዚህ ቅር ከተሰኘህ ይግባኝ የማለት መብትህ ለስልሳ ቀን የተጠበቀ ነው። ማመልከቻህን በጽሑፍ ላከው፤ «ደህና ነኝ» የሚል ከሆነ ግን አልቀበልም።

ያላንተ የቻለችው፣
ኮራ