የሲሬ ሰዎች ያቆሙት ጣራ

ነቀምቴ፣ ግንቦት 1958

ኦቦ ዋቅወያ፣ አካም ጅርታ?

በካርዱ ላይ በምታየው ያማረ ኮሌጅ ተማሪው ከክፍል ክፍል የሚሄደው በጣራ ስር ነው፤ እንደኛ ሲሬ ገበያ ዝናብ አይደበድበውም። ጣራው ስላረጀ የየወረዳው ሰው በደቦ ያድሰዋል፤ አንዱ ወገን ለኛ፣ ሌላው ለቢላ ወረዳ ሰዎች ደረሰ። እዚህ የሚማር ልጄን ልጠይቅ መጥቼ ቆሜ ማየቱ አላስችል አለኝ። አንድ የቢላ ጎረምሳ፣ «ሲሬ ሰው አልቆባት ሽማግሌ ላከች?» አለ። ኮቴን ጥዬ የዋንዛውን ምሰሶ ተሸከምኩ፤ ሟች ባለቤቴ ብትኖር «ወገብህን!» ትለኝ ነበር። የኛን ቆርቆሮ መትተን እንደጨረስን ዝናቡ ወረደ። የነሱ ገና ሰማይ ይታይበታል። ጎረምሳው ደጅ ሲበሰብስ፣ «ግባ ልጄ፣ የሽማግሌ ሥራ አያፈስም» አልኩት። ገባ።

ካርዱ ሞላብኝ። ለቤተሰቡ ሁሉ ሰላም በልልኝ፤ ለቢላው አማችህ ግን ጮክ ብለህ አንብብለት።

ተረፋ