የላክሽልኝ ልክ

የሆዴ ልጅ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ያለሽበትን አገር ሰላም ያድርግልሽ፤ ክፉ አይንካሽ። እኛ ደህና ነን። አባትሽ ጉልበቱን እያመመው ደረጃ መውጣት ትቷል። ስፌት ቤቱም እንዳለ ነው፤ ዓይኔ ስለደከመ ግን መርፌው ላይ ክር የምታስገባልኝ እህትሽ ናት።

ለእህትሽ ሰርግ ቀሚስ እንድሰፋልሽ የላክሽው ልክ ደርሶኛል። የወገብሽ ልክ በጣም አንሶብኝ የተሳሳትሽ መስሎኝ እህትሽን ጠየቅኋት። ክሩን መጠቅለል ጀመረች። "ተናገሪ እንጂ" ስላት፣ "እማዬ፣ በወጉ መብላት ከተወች ቆይታለች። ባለፈው ወር ሥራ ቦታ ራሷን ስታ ወድቃ ነበር" አለችኝ። መቀሱን አስቀምጬ ቁጭ አልኩ።

የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለሽ፣ ደንበኞቼ ፊት እየለካሁሽ "ይቺ ልጅ ጨርቅ ልታስጨርሰኝ ነው" ብዬ አሳቅሁብሽ። ያን ቀን እራት አልበላሽም። ደክሟት ነው ብዬ አለፍኩት። የስንቱን ሰው ወገብ ስለካ ኖሬ የልጄን ሆድ ሳላውቅ ቀረሁ። ይቅር በይኝ።

ይህ በእናት ምክር ብቻ የሚድን አይደለም፤ ሐኪም አለው አሉኝ። ሐኪም ጋ ቀጠሮ ያዢ፤ እህትሽም በቀጠሮሽ ቀን በስልክ አብሬያት እውላለሁ ብላለች። እባክሽ ሂጂልኝ። እስከዚያው ምሳሽን ከሰው ጋር ብዪ።

ቀሚሱን በላክሽው ልክ ሰፍቼዋለሁ። ግን ግራና ቀኙን ብዙ ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፌ ትቻለሁ። ሰውነትሽ ሲመለስ ስፌቱን ፈትቼ ለቀቅ አደርገዋለሁ፤ ለእኔ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። የበላሽው ይስማማሽ።

እናትሽ