በአክስቴ ነጠላ ጫማ

እሑድ፣ ቤቱ ሁሉ ከምሳ በኋላ ሲያንቀላፋ

ናፍቆትሽ ላስቸገረኝ እማዬ፤

እኔ የአንቺ ልጅ፣ አእምሮዬ ሙሉ ሆኖ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ይህን ቃሌን እሰጣለሁ፦ የጓዳውን ብስኩት የጨረሱት አይጦች አይደሉም።

አክስቴ ግን በአይጦቹ ላይ ጦርነት አውጃለች። ወጥመድ ስታጠምድ የገዛ ጣቷን ስላስያዘች፣ እስካሁን ቁስለኛዋ እሷ ብቻ ናት።

አያቴን ታውቂዋለሽ፤ ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ኮሪደሩ ላይ ወንበር ዘርግቶ የቤቱ ዘብ ሆኗል። «እዚህ ቤት ኮሽ ያለ አያመልጠኝም» ይልና ሳይጨርሰው ያንኮራፋል። ስለዚህ የአክስቴን ነጠላ ጫማ አጠልቃለሁ፣ ሻርፗን እደርባለሁ፣ የጉልበቷን ቅባት አንገቴ ላይ እለቀለቃለሁ፤ ከዚያ እግሬን እየጎተትኩ ወደ ጓዳ አልፋለሁ።

«ልጄ፣ ጉልበትሽ እንዴት ዋለ?» ይለኛል፣ አክስቴ መስዬው።

«እህህ…» እላለሁ፤ አክስቴ ሌላ መልስ የላትም።

«አይዞሽ፣ እርጅና ነው።»

እርጅና! ገና ብጉሬ ሳይጠፋ!

ነገሩን ከጨዋታ ያወጣው ከተኛሽበት ሆስፒታል የመጣው የሐኪምሽ ስልክ ነው። ከካንሰር ዕጢሽ ቁራጭ ወስደው ከጤነኛው ሰውነትሽ ጋር እያስተያዩ፣ ዕጢው ላይ ብቻ ያለ ምልክት እየፈለጉ ነው አለን። ከተገኘ ለአንቺ ብቻ የሚሆን ክትባት ይሠሩልሻል፤ የሰውነትሽ ዘቦችም ማንን እንደሚይዙ ያውቃሉ።

«ዘቦቹ እስካሁን ዕጢውን ለምን ዝም አሉት?» አልኩት።

«የቤት ልጅ ስለሚመስላቸው» አለኝ።

ነጠላ ጫማው እግሬ ላይ ነበር።

ሐኪሞቹ መጀመሪያ ያገኙት ምልክት ጤነኛው ሰውነትሽ ላይም ስለተገኘ እንደጣሉት አልነገርሽኝም። አክስቴ ስታንሾካሹክ ሰማሁ፤ የሷ ሹክሹክታ ደግሞ ጎረቤት ይቀሰቅሳል።

ከዚያ ወዲህ በህልሜ ሰውነትሽ ውስጥ እሄዳለሁ። ረጅም ኮሪደር ነው፤ ግድግዳው እንደ ጉንጭሽ ይሞቃል፣ ብርሃኑ ጀምበር ስትጠልቅ ያለው ዓይነት ነው። በየበሩ አያቴን የሚመስሉ ዘቦች ያንቀላፋሉ። አንድ ነጠላ ጫማ እየተጎተተ ያልፋል። «ደህና ዋልሽ ልጄ» ይሉታል። እጮሃለሁ፤ ድምፄ እንደ ላባ ይንሳፈፋል እንጂ ጆሯቸው አይደርስም።

ስለዚህ ከራሴ ጋር ተወራረድኩ፦ አያቴ እኔን ካወቀኝ፣ ዘቦችሽም ያን ዕጢ ያውቁታል። አሁን ብስኩቱ እንኳ አይጥመኝም፤ የምመላለሰው አያቴ እንዲይዘኝ ነው። ዛሬም አለፍኩ። ኮሪደሩ ላይ ሲረግጧት የምትጮኸዋን ጣውላ እንደ ልማዴ ዘልዬ አለፍኳት። አያቴ «እርጅና ነው» እንኳ አላለኝም። ይኸው ጓዳ ተቀምጬ እጽፍልሻለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ዓይኔን ያቃጠለኝ ቅባቱ ነው።

የሚፈልጉልሽ ሰዎች ዓይናቸው አይድከም፤ ያቺን ምልክት እጃቸው ላይ ይጣልላቸው፤ አንቺንም በእግርሽ ቤትሽ ያግባሽ።

የማትታረመው ድንቢጥሽ

ቆይ እማ፣ የአያቴ ወንበር ሲጢጥ አለ። ምርኩዙ ወደዚህ እየመጣ ነው።

«ልጄ ያቺን ጣውላ ሳታስጮኻት አልፋ አታውቅም» እያለ ነው። በሩን ከፈተው።

«አገኘሁሽ፣ ድንቢጥ!»