«ዝም ብላችሁ እንዳትወጡ»፦ የጋሽ መቀስ የሕይወት ታሪክ

ሁላችንም ጋሽ መቀስ ብለን የምንጠራቸው ፀጉር አስተካካያችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአትክልት ሻጭ እናታቸው በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። ትምህርታቸውን አራተኛ ክፍል ላይ አቋርጠው የአጎታቸው ፀጉር ቤት ገቡ፤ ወለል እየጠረጉ ሙያውን በዓይናቸው ሰረቁ። በ1968 ዓ.ም. ሁለት ወንበርና ጥጉ የተሰነጠቀ መስታወት ይዘው የራሳቸውን ቤት ከፈቱ። በ1972 ዓ.ም. ጎረቤት መድኃኒት ቤት ይሠሩ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ተጋብተው ሁለት ሴት ልጆች አፍርተዋል።

በ2008 ዓ.ም. ግን ሐሳባቸው መንገድ ይስት ጀመር። የሰውን ፀጉር አንዱን ጎን አስተካክለው፣ ሌላውን ሳይነኩ ፎጣውን ያራግፉና «በል ተነሥ፣ ሙሽራ መስለሃል!» ይላሉ። ሰው ምን ይበል? ይሉኝታ ያዘው። ከፍሎ አመስግኖ ይወጣና ማዶ ካለው ፀጉር ቤት ገብቶ ያስጨርሳል። እንዳይከፋቸው ብለን እንደዚያ ስንል ሁለት ዓመት ነጎደ።

አንድ እሁድ የታናሽ እህታቸው ባል አናጢው ምሳ ሊበላ መጥቶ ኮፍያዬን አላወልቅም አለ። የጋሽ መቀስ ባለቤት ኮፍያውን ሳብ አድርገው ወሰዱት። ግማሹ የተላጨ፣ ግማሹ ጫካ! ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ።

ጋሽ መቀስም ቀና ብለው አዩት። «የትኛው ደንቆሮ ነው እንዲህ የጨፈጨፈህ?»

አናጢው አቀረቀረ።

«አንተ ነህ፣ የኔ ጌታ» አሉ ባለቤታቸው፣ እጃቸውን ይዘው። «ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን።»

ሐኪሙ የመርሳት በሽታ መሆኑን፣ ለዓመታት ሳይታከም የኖረው የደም ግፊትም ሳያባብሰው እንዳልቀረ ነገሯቸው። ጋሽ መቀስ ተኮራርፈው ሰነበቱ፤ ከማን ጋር እንደተኮራረፉ ግን ለራሳቸውም አልገባቸውም። ከዚያ መቀሱን ለትልቋ ልጃቸው አስረክበው በሩ ላይ ተቀመጡ። ባለቤታቸው የደም ግፊት መለኪያ አምጥተው ሁለተኛው ወንበር ላይ አኖሩ። የገባ ሁሉ ሳይለካ አይወጣም።

«አንተ ልጅ፣ ያንን ሲጋራ ጣለው! ጆሮህም ደክሟል፣ አስመርምረው። በእግርህ ሂድ፣ ከሰው ተጫወት። ደግሞ የሚረሳ ሰው ካያችሁ እኔን እንደሸፈናችሁኝ በኮፍያ አትሸፍኑት። ዝም ብላችሁ እንዳትወጡ!» ይሉ ነበር ጋሽ መቀስ ከበሩ ላይ ሆነው።

ኋላ ኋላ ስማችንም ጠፋባቸው። ባለቤታቸውን «እመቤቴ፣ ማን ልበል?» ሲሏቸው፣ ባለቤታቸው ሳይሰለቹ እንደ አዲስ ይተዋወቋቸው ነበር።

በመጨረሻ የሳንባ ምች ያዛቸው። ባረፉበት ቀን ጠዋት ትልቋ ልጃቸው አልጋቸው ላይ ደግፋ አስተካከለቻቸው። በመዳፋቸው ግራና ቀኙን ዳሰሱና «እዚች ጋ ትንሽ ቀርቷል» አሉ። እውነትም ቀርቶ ነበር። ጨረሰችላቸው።

መጋቢት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በሰባ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ሲለዩ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ታናሽ እህታቸውን ትተውልናል። በሽታዬን በስሙ ጥራችሁ አንብቡ ብለው ነበርና ይኸው ጠርተን አነበብን።

ያንን ሁሉ ሰው ያሳመሩትን እጆች ፈጣሪ ይቀበልልን፤ ነፍሳቸውንም ምንም በማይረሳበት ቤቱ ያሳርፍልን።