የጋሼ ኩላሊት እና የጆሮዬ ጫፍ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 9

የአዲሱን መንገድ ኩርባ ዛሬ ለክተን ጨረስን። ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ላይ። ቀያሽ መቼም ጥላ አያገኝም፤ የምንደርሰው ሁሌ ዛፉ ከተቆረጠ በኋላ ነው። ፎርማኑ፣ ዛሬስ መሣሪያው ራሱ አላበው፣ አለ።

ክኒኖቼን በሰዓታቸው ዋጥኩ። ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ማታ አንድ ሰዓት። ስድስት ዓመት ሙሉ አንዴም አላሳለፍኩም። በዚህ እንኳ አልታማም።

ጋሼ ደወለ። "ግራዬ እንዴት ናት?" ግራ ኩላሊቱን ከሰጠኝ ጀምሮ የወንድሜ ሰላምታ ይኸው ነው። ደህና ናት አልኩት።

ፀጉሬን ስታጠብ ቀኝ ጆሮዬ ጫፍ ላይ ያለችው ቅርፊት ተላጠችና ደማች። የኮፍያዬ ጠርዝ ፍቆኝ ይሆናል። ግን ኮፍያ መቼ አደረግኩና?

እሑድ፣ ጥቅምት 21

አልዳነችም። ቅባት ቀባኋት። የምስር ፍሬ ታክላለች... ስነካት ደረቅ ናት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 25

የኩላሊት ክትትል ቀኔ ነበር። ክሬቲኒን አንድ ነጥብ አንድ። ሐኪሟ ደስ አላት። ይህ ቁጥር ከፍ ካለ ኩላሊቷ ደክማለች ማለት ነው፤ እስካሁን ከፍ ብሎ አያውቅም። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው ቆዳዬ ላይ አዲስ ነገር እንዳለ ጠየቀችኝ። የለም አልኩ።

ፀጉሬን ጆሮዬ ላይ ለቅቄው ነበር። ሆን ብዬ? አዎ፣ ሆን ብዬ።

ለምን ዋሸሁ? ከንቅለ ተከላው በኋላ የነገሩኝን እኮ አልረሳሁትም። ክኒኑ የሰውነቴን ዘበኞች ያስተኛቸዋል። ካልተኙ የጋሼን ኩላሊት ባዕድ ናት ብለው ይነሡባታል። ሲተኙ ደግሞ ሌላም ነገር ሳይታይ ሾልኮ ያልፋል። ካንሰር። ከሁሉ በፊት የቆዳ፣ ያውም ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ላይ። ኮፍያ፣ ረጅም እጅጌ፣ የፀሐይ ቅባት ብለውኝ ነበር። የመጀመሪያውን ዓመት የተባልኩትን ሁሉ አደረግኩ። ከዚያ... ደህና ሆንኩና ተውኩት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 8

ፎርማኑ የሸሚዜ አንገትጌ ላይ ደም አየ። ኮፍያ ነው የፋቀኝ አልኩት። መሣሪያውን ከፊቴ አንሥቶ ሣጥኑ ውስጥ ከተተው። እናቱንም እንዲህ ጀምሯቸው ምንም አይደል እያሉ እንደቆዩ ነገረኝ። ነገ ሥራ የለሽም፣ ሐኪም ጋ ሂጂ፣ አለ። እናቱ በኋላ ምን እንደሆኑ አልጠየቅኩም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 9

የቆዳ ሐኪሙ ወጣት ነው። በማጉያ አየ፣ ጫን ጫን አደረገ፣ ከጆሮዬ ሥር እስከ ትከሻዬ አንገቴን ዳበሰ። ንፍፊት እየፈለገ ነው። ኩላሊቴ የወንድሜ መሆኗን ስነግረው እጁ ቆመ። ናሙና ዛሬውኑ እንውሰድ አለ።

ከጀመረሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ ብሎ ጠየቀኝ፤ ሁለት ወር አልኩት። ውሸት። ሦስት ነው... እዚህስ ማንን ነው የምዋሸው? አራት ወር አልፎታል።

ውጤቱ ከአሥር ቀን በኋላ።

እሑድ፣ ኅዳር 12

ጋሼ ደወለ። ግራህ ደህና ናት አልኩት። ስለ ጆሮዬ አልጠየቀም፤ እኔም አልነገርኩትም። ማን ስለ ሰው ጆሮ ይጠይቃል?

ሐሙስ፣ ኅዳር 16

ሥራ አልያዝልኝ አለ። አንዱን ነጥብ ሦስቴ ለካሁ፤ ሦስቱም ተለያዩ። እጄ በየደቂቃው አንገቴ ላይ ነው። ይቺ አጥንት ናት ወይስ ንፍፊት? በግራም በኩል አለች፤ እንግዲያው አጥንት ናት። ... የግራዋም ንፍፊት ብትሆንስ?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 21

ካንሰር ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 22

አሁን ልጻፍ። የቆዳ ካንሰር ነው። ወደ አንገቴ የሄደ አይመስልም ብሏል የቆዳ ሐኪሙ። "አይመስልም።" ጆሮ ላይ ሲሆን ቶሎ ይዛመታል፣ እንደ እኔ ባለ ሰው ላይ ደግሞ ይብስበታል። ሳይውል ሳያድር ቆርጦ ማውጣት ነው።

መቆረጡን አልፈራሁም። የምፈራው ሌላውን ነው። የኩላሊት ሐኪሟ አስጠርታኝ ነበር። ሰውነቴ ካንሰሩን እንዲከላከል ዘበኞቹን በመጠኑ መቀስቀስ አለብን አለች። አንዱን ክኒን ማቆም፣ ሌላውን መለወጥ። ነቅተው ኩላሊቷ ላይ ቢነሡስ? አልኳት። አልሸነገለችኝም። ሊሆን ይችላል፣ በየሳምንቱ ደምሽን እያየን ነው የምንሄደው፣ አለች። ባለፈው ለምን እንደዋሸኋት አላነሣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓይኔ እያየ የጋሼን ኩላሊት ልገድላት ነው? ኮፍያ ስላላደረግኩ?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 25

ነገርኩት። በስልክ አልሆን ስላለኝ የሚነዳው አውቶቡስ የሚያድርበት ግቢ ድረስ ሄድኩ። ፈረቃውን ጨርሶ የፊቱን መስታወት ከውስጥ ይወለውላል። ከሾፌሩ ወንበር ኋላ ተቀመጥኩና ለጀርባው ነገርኩት። ስለ ጆሮዬ፣ ስለ ውሸቴ፣ ስለሚቀየረው ክኒን። ጨርቁን እንደያዘ ቆመ። ይቆጣል ስል ቀዶ ጥገናው መቼ እንደሆነ ብቻ ጠየቀኝ።

"ጋሼ፣ ኩላሊትህን ላጣት እችላለሁ እያልኩህ እኮ ነው።"

"ሰምቻለሁ።"

"አደራህን በላሁ።"

ያኔ ነው የዞረው። "ሚጣ፣ እኔ መቼ አስቀምጪልኝ አልኩሽ? እንድትኖሪባት ነው የሰጠሁሽ፤ ስድስት ዓመት ኖረሽባታል። እሷ ከሄደችም ትሂድ፣ አንቺ ቅሪልኝ።"

በየሳምንቱ "ግራዬ" የሚለው ለቀልድ እንደነበረ ነገረኝ። እኔ ቁጥጥር አድርጌ እንደምወስደው ቢያውቅ ኖሮ አፉን ይይዝ ነበር። አለቀስኩ። እሱም ፊቱን መልሶ የጸዳውን መስታወት ደጋግሞ ወለወለ።

ስንወጣ፣ ያንተስ ቀኟ እንዴት ናት? አልኩት። ደህና ናት አለ። መቼ ታየች? ስነዘንዘው አወጣው። ከሰጠኝ ከሁለተኛው ዓመት ወዲህ ለራሱ ታይቶ አያውቅም። በየዓመቱ መታየት ነበረበት እኮ። ጤነኛ ሰው እዚያ ምን ያመላልሰዋል ይለኛል። እኔም እሱም የአንድ እናት ልጆች ነን፤ ምን ይደረግ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 1

ቆረጡት። ማደንዘዣው ሕመሙን እንጂ መስማቱን አይከለክልም። መቀሱ ቅጭ ሲል ድምፁ ከጭንቅላቴ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል። ጆሮዬ አይጥ የቀመሰው ዳቦ ሆኗል። ጋሼ አየውና፣ ጉትቻው የሚንጠለጠልበት ታችኛው ተርፎልሻል፣ ምን አነሰሽ፣ አለኝ። ሳቅሁ፤ ስፌቱ ጎተተኝ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 15

ካንሰሩ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል፣ ዙሪያው ንጹሕ ነው አሉኝ። ደስ ሊለኝ ሲል... አዲሱን ክኒን ከጀመርኩ ሁለት ሳምንት ሊሆነኝ ነው፤ አፌ በሙሉ ቆስሏል። ክሬቲኒን አንድ ነጥብ አራት።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 22

አንድ ነጥብ ስድስት።

ሽንቴን እለካለሁ። ቁርጭምጭሚቴን ተጭኜ አብጦ እንደሆነ አያለሁ። ሐኪሟ አንድ ሳምንት እንጠብቅ አለች። እንዴት ነው የሚጠበቀው?

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 29

አንድ ነጥብ አምስት። ይሄ ወረደ ይባላል? ይባላል፣ አለችኝ ሐኪሟ።

ሐሙስ፣ ጥር 26

አንድ ነጥብ አራት ላይ ቆማለች። ከእንግዲህ ልኳ ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ቆዳዬን በየሦስት ወሩ ያዩታል፣ ዕድሜ ልኬን። ክንዴ ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ ወጥታለች፤ ሳይጠይቁኝ አሳየኋቸው። ለአሁኑ ምንም አይደለችም ተባልኩ። ፍርሃቱ ግን የትም አልሄደም። ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት አብሮኝ ይቆማል። በጠዋቱ መንገድ እለካለሁ፣ ፀሐዩ ሲበረታ አራት ሰዓት ላይ ቢሮ ገብቼ ፕላን እሠራለሁ። ፎርማኑ ትልቅ ዣንጥላ አምጥቷል፤ ለመሣሪያው ነው ይላል።

ዛሬ ሐኪም ቤት የሄድኩት ለእኔ አይደለም። ጋሼን ነው የወሰድኩት። ሁለት ጊዜ ቀጠሮ አሳልፎብኝ በሦስተኛው ከቤቱ ሄጄ አመጣሁት። እስካሁን አብሮኝ በመጣ ቁጥር ሲጠሩኝ እኔ ነበርኩ የምገባው፣ እሱ ወንበር ላይ ይጠብቀኛል። ዛሬ የእሱን ስም ጠሩ። ይህ ሃምሳ ሰው ጭኖ ቁልቁለት የሚወርድ ግዙፍ ሰውዬ፣ ለሽንት ምርመራ የሰጡትን ትንሽ ዕቃ በሁለት ጣቱ ይዞ ኮሪደሩ መሐል ቆመ። ዞሮ አየኝ።

"ወዴት ነው?"

በስተቀኝ ሦስተኛው በር፣ አልኩት። ካፖርቱን ተቀበልኩት፣ ጭኔ ላይ አጣጥፌ አስቀመጥኩ፣ እስኪወጣ ጠበቅኩ።